«ቀዝቃዛው ጦርነት» እና «አዲሱ ቀዝቃዛ ጦርነት»፦ ስለ ቃላቱ አመጣጥ፣ ብያኔና አተረጓጐም

1. የጽሑፉ ዓላማ

በሩሲያና በምዕራባውያን መንግሥታት መካከል ከ2014 ወዲህ፣ በአሜሪካና በቻይና መካከል ደግሞ በተለይ ከ2017 ወዲህ እየተካረረ የመጣውን ቅራኔ ለመሰየም «አዲሱ ቀዝቃዛ ጦርነት» የሚለው ሐረግ በብዙ የዓለም ቋንቋዎች እየተዘወተረ ነው። በአማርኛም ጋዜጠኛው፣ ተርጓሚውና የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጁ ይሠሩበታል። በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው ሐረጉም ሆነ በዙሪያው ያሉት ዘመድ ቃላት ከመነሻቸው ጀምሮ የክርክር ቃላት መሆናቸውን ነው። ስለሆነም የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሲበይን፣ ተርጓሚም ሲያሻግር፣ ባለጉዳዮቹ ያልተስማሙበትን ነገር እንደ ተረጋገጠ እውነት አድርገው እንዳያሳልፉ መጠንቀቅ ይገባቸዋል እንላለን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጉዳዩን ክብደት አንድ የታወቀ ምሳሌ ያስረዳል። ኒኪታ ክሩሽቾቭ ኖቬምበር 18 ቀን 1956 በሞስኮ፣ በፖላንድ ኤምባሲ በተደረገ ግብዣ ላይ፣ ለምዕራባውያን ዲፕሎማቶች የተናገሩት አንድ ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ «እንቀብራችኋለን» ተብሎ ተተረጐመ። በምዕራቡ ዓለምም እንደ ግድያ ዛቻ ተሰማ። በሩሲያኛው ግን ንግግሩ የእኛ ሥርዓት ከእናንተ ሥርዓት ይሰነብታል፣ በቀብራችሁም ላይ እንቆማለን የሚል ስሜት ነበረው። ተናጋሪውም በ1963 ጉዳዩን መልሰው አንሥተው፣ ነገሩ በአካፋ መቅበር እንዳልሆነና ቀባሪው የየአገሩ ሠራተኛ መደብ እንደሚሆን አስረድተዋል። አማርኛ በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለሩሲያኛው የቀረበ ነው። እናት ልጇን «ቀባሪዬ» ስትል፣ ሽማግሌም «ቀባሪ አያሳጣህ» ብሎ ሲመርቅ፣ ቀባሪ ማለት ገዳይ ሳይሆን በዕድሜ ተርፎ ወግ የሚያደርስ ማለት ነውና። የእንግሊዝኛውን ቁጣ ብቻ ተከትሎ «እንፈጃችኋለን» የሚል አማርኛ ተርጓሚ ቢኖር፣ የራሱን ቋንቋ ሀብት ጥሎ የሌላውን ስሕተት ይወርሳል።

2. የስያሜው አመጣጥ

ለስያሜው ጥንታዊ ምንጭ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስፔናዊ ደራሲ ዶን ኹዋን ማኑኤል ነው። በክርስቲያኖችና በሙስሊሞች መካከል ስለ ነበረው ግጭት ሲጽፍ «ቀዝቃዛ ጦርነት» ብሏል ይባላል። ይሁን እንጂ በብራናው ላይ የሚገኘው ቃል «ለብ ያለ» የሚል ሲሆን፣ «ቀዝቃዛ» የሆነው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለኅትመት ሲዘጋጅ ነው። የስያሜው «ጥንታዊ ታሪክ» እንግዲህ ከአንድ የንባብ ግድፈት የተወለደ ነው።

ለዛሬው ፍች የቀረበው አጠቃቀም የጆርጅ ኦርዌል ነው። ኦርዌል ኦክቶበር 19 ቀን 1945 «ትሪብዩን» በተባለው የለንደን ጋዜጣ ላይ ስለ አቶሚክ ቦምብ ባወጣው ጽሑፍ፣ ቦምቡን የጨበጠ መንግሥት ሊሸነፍ ስለማይችል ከጎረቤቶቹ ጋር በማያቋርጥ «ቀዝቃዛ ጦርነት» ውስጥ ይኖራል ሲል ሠጋ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቃሉ ሲወለድ የተነገረው ስለ መሣሪያውና መሣሪያው ስለሚፈጥረው የኅብረተሰብ ዓይነት እንጂ ስለ ሁለቱ ጎራዎች የሃይማኖት ያህል ስለ ጠነከረ የርእዮተ ዓለም ጠብ አለመሆኑ ነው።

በኤፕሪል 1947 በርናርድ ባሩክ በደቡብ ካሮላይና ባሰሙት ንግግር ስያሜውን ለአሜሪካና ለሶቪየት ኅብረት ግንኙነት አዋሉት። በዚያው ዓመት ጋዜጠኛው ዋልተር ሊፕማን ሐረጉን የመጽሐፉ ርእስ አድርጎ በዓለም ዙሪያ አስተዋወቀው። የመጽሐፉ ዓላማ ግን ጆርጅ ኬናን በስውር ስም ጽፎት የነበረውንና «ኮንቴይንመንት» የተባለውን የአሜሪካ ፖሊሲ መንቀፍ ነበር። ስለዚህ ስያሜውን በሰፊው ያሠራጨው መጽሐፍ የነገሩ ደጋፊ ሳይሆን ሐያሲ ነበር ማለት ነው።

በሌላው ጎራ ደግሞ የሶቪየት ጸሐፊዎችና መዝገበ ዕውቀቶች «ቀዝቃዛ ጦርነት» ሲሉ ኢምፔሪያሊስት መንግሥታት በሶሻሊስት አገሮች ላይ የሚያካሂዱትን ፖሊሲ ማለታቸው ነበር። በዚህ አፈታት ሶቪየት ኅብረት የጦርነቱ ዒላማ እንጂ ተካፋይ አልነበረችም። ያው ቃል በሁለቱም ወገን ተነግሮ፣ በሁለቱም ወገን «ሌላው የጀመረብን ነገር» የሚል ፍች ነበረው። ከ1991 በኋላ ግን ቃሉ የአንድ የታሪክ ዘመን መጠሪያ ሆኖ ስለ ረጋ፣ የክስነት ጠባዩ ተረስቷል። ዛሬ እንደገና ሲነሣ የሚያሳስተንም ይኸው መረሳቱ ነው።

3. «ቀዝቃዛ» በአማርኛ ጆሮ

«ቀዝቃዛው ጦርነት» እንደ ሩሲያኛው፣ እንደ ቻይንኛውና እንደ ዐረብኛው ሁሉ የቃል በቃል ውሰት ነው። ነገር ግን ቃል በቃል የተወሰደ ዘይቤ በአዲሱ ቋንቋ ውስጥ የሚያገኛቸው ጎረቤቶች ሌሎች ናቸው። በአማርኛ «በረደ» እና «ቀዘቀዘ» የሚሉት ግሦች ስለ ጠብ፣ ስለ ትኩሳት ወይም ስለ ገበያ ሲነገሩ የመቀነስ፣ የማለፍ ፍች አላቸው። «ገበያው ቀዘቀዘ»፣ «ነገሩ በረድ ብሏል»፣ «ውጊያው በረደ» እንላለን። ሰውም «ቀዝቃዛ» ሲባል ወኔና ስሜት የሌለው ማለት ነው። በመሆኑም ታሪኩን ያልተማረ አንባቢ «ቀዝቃዛ ጦርነት» ሲል የተጋጋለ ነገር ረግቦ የቀረ ይመስለዋል። የእንግሊዝኛው ዘይቤ ግን የሚያመለክተው ጣት ከቃታ ሳይወርድ የሚኖርበትን ጠላትነት ነው።

ለዚህ ጠባይ የቀረቡ የአማርኛ ቃላት አሉ። «ኩርፊያ» ንግግር የማቋረጥን ገጽታ ይሰጣል፤ ዳሩ ግን ለቤተሰብ ጠብ የሚስማማ ልስላሴ አለበት። «ቂም» ውስጣዊውን ያሳያል፤ የመሣሪያውን መደርደር አያሳይም። «ፍጥጫ» ከሁሉ ይበልጥ ይቀርባል፤ ሁለቱም ዓይን ለዓይን ተያይተው ማን ቀድሞ ይነቅላል ብለው የሚጠባበቁበት ሁኔታ ነውና። ቢሆንም «ቀዝቃዛው ጦርነት» ሥር የሰደደ ስለሆነ ይለወጥ አንልም። የምንለው፣ ዘይቤው የማይሰጠውን ነገር ብያኔው ይስጥ ነው።

ሁለተኛው እንከን ከዚህ ይበልጥ ይመዝናል። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጆን ሉዊስ ጋዲስ በ1986 ዘመኑን «ረጅሙ ሰላም» ብሎ ሰይሞታል፤ ኃያላኑ እርስ በርሳቸው አልተዋጉምና። ይህ አሰያየም ለዋሽንግተንና ለሞስኮ እውነት ነው። በ1950 እና በ1953 መካከል በኮሪያ፣ ቀጥሎም በቬትናምና በአንጎላ ላለቀው ሕዝብ ግን ጦርነቱ ቅዝቃዜ አልነበረውም። ለአማርኛ ተናጋሪው የቅርብ ምስክር የ1977–78ቱ የኦጋዴን ጦርነት ነው። ከ1953 ጀምሮ የአሜሪካ የጦር ሠፈር የነበረባት ኢትዮጵያና ከ1974 ጀምሮ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል የነበራት ሶማሊያ በጥቂት ወራት ውስጥ ደጋፊ ተለዋወጡ። በአሥመራ የነበረው የቃኘው ሠፈር በ1977 ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሶማሊያ የሶቪየትን ውል ሻረች፤ የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ጦር ወደ ኢትዮጵያ ገባ። የፕሬዚዳንት ካርተር የጸጥታ አማካሪ የነበሩት ዝቢግኒው ብርዜዚንስኪም የስልታዊ መሣሪያዎች ስምምነት የተቀበረው በኦጋዴን አሸዋ ውስጥ ነው የሚል አስተያየት ጽፈው ትተዋል። በዚያ አሸዋ ውስጥ የተቀበሩ ሰዎችም ነበሩ። ዘመኑን በአማርኛ የሚበይን መዝገበ ቃላት ይህን ካልጠቀሰ ብያኔው የሌሎችን ትዝታ ብቻ የያዘ ይሆናል።

4. ዘመድ ቃላት

(ሀ) ውጥረትና መርገብ። «ዴታንት» የተባለው የፈረንሳይኛ ቃል የተለጠጠ ነገር መላላት ማለት ነው፤ በዚያው ቋንቋ ደግሞ የጠመንጃ ቃታም በዚሁ ቃል ይጠራል። ሩሲያኛው «ራዝርያድካ» የጎረሰ መሣሪያን ከማራገፍ፣ የኤሌክትሪክ ሙልን ከመልቀቅ የተወሰደ ነው። የአማርኛው «የውጥረት መርገብ» ከሁለቱም የማያንስ፣ እንዲያውም በራሱ የቆመ ምሉዕ ዘይቤ ነው። የሚወጠረውም የሚረግበውም የከበሮ ቆዳ ነውና። የረገበ ከበሮ ከማሰሪያው አልተፈታም፤ እሳት ሲያገኘው ተመልሶ ይወጠራል። የ1970ዎቹ ታሪክም ይኸው ነው። በሜይ 1972 የመጀመሪያው የስልታዊ መሣሪያዎች ስምምነት፣ በኦገስት 1975 የሄልሲንኪ ሰነድ ተፈረሙ፤ በዲሴምበር 1979 የሶቪየት ጦር አፍጋኒስታን ሲገባ ቆዳው ተመልሶ ተወጠረ። ስለዚህ «መርገብ»ን «ዕርቅ» ወይም «ሰላም» ብሎ መተርጐም ስሕተት ነው። ዕርቅ ጥሉን ያወጣል፤ መርገብ ጥሉን አቆይቶ ግፊቱን ይቀንሳል።

(ለ) መከላከል፣ በሥጋት መግታት፣ ባለበት መወሰን። እነዚህ ሦስት ፅንሰ ሐሳቦች በአማርኛ አጠቃቀም ሲምታቱ ይታያሉ። «ዲተረንስ» ከላቲን «አስፈርቶ ማባረር» የመጣ ሲሆን፣ ጠላት የሚደርስበትን አጸፋ ፈርቶ እንዳይነሣ ማድረግ ነው። ይህንን «መከላከያ» ብሎ መተርጐም ተለምዷል። መከላከያ ግን እንደ ጋሻ የመጣውን የሚመልስ ነው፤ ዲተረንስ የመጣውን አይመልስም፣ አጸፋን ያስታውሳል እንጂ። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ1972 የተፈረመው የፀረ ሚሳይል ውል የተመሠረተው፣ እያንዳንዱ ወገን መከላከያውን ሲገድብ ብቻ የጋራው ፍርሃት ሚዛኑን ይጠብቃል በሚለው ሐሳብ ላይ ነው። ሁለቱንም ፅንሰ ሐሳቦች «መከላከያ» የሚል ተርጓሚ ይህን ውልም ሆነ አሜሪካ በ2002 ከውሉ ስትወጣ የተነሣውን ክርክር ሊያስረዳ አይችልም።

ሩሲያኛ ደግሞ ለዲተረንስ ሁለት ቃላት አሉት። «ስደርዢቫኒዬ» መግታት፣ «ኡስትራሼኒዬ» ማስፈራራት ነው። የሶቪየት ጸሐፊዎች ለራሳቸው ፖሊሲ የመጀመሪያውን፣ ለምዕራባውያን ፖሊሲ ሁለተኛውን ይመርጡ ነበር። ከዚህም በላይ የኬናን «ኮንቴይንመንት» በሩሲያኛ የሚተረጐመው በዚያው በ«ስደርዢቫኒዬ» ነው። የእንግሊዝኛው ሁለት ፅንሰ ሐሳቦች በሩሲያኛ አንድ ቃል ይጋራሉ፤ የእንግሊዝኛው አንድ ቃል በሩሲያኛ ለሁለት ይከፈላል። በቻይንኛም «ዌይሼ» የሚለው ቃል ጠላትን ከድርጊት መግታትንም፣ ወደ ድርጊት ማስገደድንም ሊይዝ ይችላል። ከሦስቱ ቋንቋዎች ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው በቃሉ መልክ ብቻ መመራት አይችልም።

የኛ ሐሳብ የሚከተለው ነው። ለዲተረንስ «በሥጋት መግታት»፣ ለኮንቴይንመንት «ባለበት መወሰን»፣ ጋሻነት ላለው ሥራ ብቻ «መከላከል» ይዋል፤ «ማስፈራራት» ምንጩ ራሱ የነቀፋ ቃል ሲጠቀም ብቻ ይምጣ። ፅንሰ ሐሳቡ ለቋንቋችን እንግዳ አይደለም፤ «ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው» የሚለው ተረት ፍርሃት ከመሣሪያ ቀድሞ እንደሚሠራ አስቀድሞ አውቋል።

(ሐ) ውድድርና ፉክክር። የአሜሪካ የብሔራዊ ደኅንነት ስልት ሰነዶች፣ የ2017ቱም የ2022ቱም፣ ከቻይናና ከሩሲያ ጋር ያለውን ግንኙነት በእንግሊዝኛ ለስፖርትና ለንግድ በሚያገለግለው ቃል ይገልጹታል። የቻይና ባለ ሥልጣኖች በበኩላቸው ግንኙነቱ በዚህ ቃል መበየኑን ተቃውመዋል። በአማርኛ «ውድድር» ደንብና ዳኛ ያለው ነገር ነው። «ፉክክር» ግን ከ«ፎከረ» የወጣ፣ የጦር ሜዳ ፉከራ የሚሰማበት ቃል ነው። ጋዜጦቻችን በብዛት የሚመርጡት ሁለተኛውን ነው፤ ምናልባትም ከምንጩ ይልቅ ለእውነታው የቀረበ ይሆናል። ቢሆንም የአንድን መንግሥት ሰነድ በሚተረጉም ሰው እጅ «ውድድር» መሆን ይገባዋል፤ ሰነዱ የመረጠውን ለስላሳ ቃል አንባቢው አይቶ ራሱ ይፍረድ። በሐተታ ጽሑፍ ግን «ፉክክር» የጸሐፊው መብት ነው።

(መ) ገለልተኛና ጎራ ያልለየ። በ1961 በቤልግሬድ የተመሠረተው ንቅናቄ በአማርኛ «የገለልተኛ አገሮች ንቅናቄ» ተብሏል። «ገለል አለ» ማለት ግን ከመንገድ ወጣ፣ ጥጉን ያዘ ማለት ነው። ስዊዘርላንድ በዚህ ፍች ገለልተኛ ናት። የንቅናቄው አገሮች ግን ጥግ አልያዙም። ኢትዮጵያ በ1951 ጦሯን ወደ ኮሪያ ልካ፣ በ1953 ለአሜሪካ የጦር ሠፈር ፈቅዳ፣ በ1955 በባንዱንግ፣ በ1961 በቤልግሬድ ተገኝታለች። በጥሬ ፍቹ ከወሰድነው «ገለልተኛ» ያሰኛት ሥራዋ ከቃሉ ጋር አይገጥምም። ለዚህ «ጎራ ያልለዩ አገሮች» የሚለው ይሻላል፤ «ጎራ ለየ» የቋንቋው የራሱ ፈሊጥ ነው፣ ያልለየውም ዝም ያለ ሳይሆን ለአንዱ ያልተጠቃለለ መሆኑን ያሳያል። ኢትዮጵያ በጃንዋሪ 2024 የብሪክስ አባል ስትሆን ከምዕራባውያን ጋር ያላትን ግንኙነት አለማቋረጧን ለመግለጽ የሚፈልግ ጸሐፊም ይኸው ቃል ይረዳዋል።

(ሠ) የውክልና ጦርነት። «የውክልና ጦርነት» የሕግ ቃል ተውሶ ተዋጊውን የሌላው ወኪል ያደርገዋል። «የእጅ አዙር ጦርነት» ደግሞ ወኪልነቱንም ነፍጎ መሣሪያ ያደርገዋል። ሁለቱም ተዋጊው የራሱ ምክንያት እንዳለው አያሳዩም። በኦጋዴን የተዋጉት ወገኖች ደጋፊ ከመቀየራቸው በፊትም በኋላም የሚዋጉበት ጉዳይ አንድ ነበር፤ ውክልና ቢሆን ኖሮ ወካዩ ሲለወጥ ጉዳዩም በተለወጠ። ስለዚህ ቃሉን መጠቀም ካስፈለገ «እንደ ውክልና ጦርነት የሚታይ» ብሎ ተመልካቹን መጥቀስ ይገባል።

5. «አዲስ» እና «አዲሱ»

እስካሁን የተመለከትናቸው ችግሮች በምዕላዱ ላይ ጎልተው ይታያሉ። «አዲስ ቀዝቃዛ ጦርነት» ሲባል ነገሩ ገና ሊሆን፣ ላይሆን ይችላል። «አዲሱ ቀዝቃዛ ጦርነት» ሲባል ግን አመልካቹ «-ኡ» ነገሩ መኖሩን፣ አንባቢም እንደሚያውቀው አስቀድሞ ያጸድቃል። ፕሬዚዳንት ባይደን ሴፕቴምበር 21 ቀን 2021 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አገራቸው አዲስ ቀዝቃዛ ጦርነት እንደማትሻ ተናግረዋል። ይህን «አዲሱን ቀዝቃዛ ጦርነት አንፈልገውም» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ፣ ተናጋሪው ሊክዱት የፈለጉትን መኖር በአፋቸው ያስመሰክራል። ሩሲያኛና ቻይንኛ እንዲህ ያለ አመልካች ስለሌላቸው፣ ከእነርሱ ሲተረጐም ውሳኔው ሙሉ በሙሉ በተርጓሚው ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

የሐረጉ አጠቃቀም ቢያንስ በአራት ይከፈላል። አንደኛው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሚኻኢል ጎርባቾቭ በኖቬምበር 2014 በበርሊን ዓለም በአዲስ ቀዝቃዛ ጦርነት አፋፍ ላይ መቆሟን ሲናገሩ፣ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬዝም ኤፕሪል 13 ቀን 2018 ለጸጥታው ምክር ቤት ቀዝቃዛው ጦርነት መመለሱን፣ የቀድሞው መቆጣጠሪያ ግን አብሮ አለመመለሱን ሲያመለክቱ በዚህ አግባብ ነው። ሁለተኛው ክስ ነው፤ ዲሚትሪ ሜድቬዴቭ በፌብሩዋሪ 2016 በሙኒክ የኔቶን ፖሊሲ እየወቀሱ ተጠቅመውበታል፤ የቻይና መንግሥትም «የቀዝቃዛው ጦርነት አስተሳሰብ» በሚል ሐረግ አሜሪካን ይነቅፋል። ሦስተኛው ክህደት ነው፤ የባይደን ንግግር ምሳሌው ነው። አራተኛው የምሁራን ትንተና ነው።

ትንተናውም ቢሆን አንድ ድምፅ የለውም። ፍሬድ ሃሊዴይ በ1983 ከ1979 በኋላ ያለውን ጊዜ «ሁለተኛው ቀዝቃዛ ጦርነት» ብሎ ስለ ሰየመ፣ በእርሱ አቈጣጠር የዛሬው «አዲሱ» ሦስተኛ ይሆናል። ኤድዋርድ ሉካስ በ2008 ስያሜውን ለሩሲያና ለምዕራቡ ዓለም ግንኙነት የመጽሐፉ ርእስ አደረገው። ኦድ አርነ ቬስታድ ግን የቀድሞው ፍልሚያ በካፒታሊዝምና በሶሻሊዝም መካከል የተደረገ፣ ዓለምን ለሁለት የከፈለ የርእዮተ ዓለም ትግል እንደ ነበረና የዛሬው ፉክክር በዚያ ስም መጠራቱ እንደሚያሳስት ይከራከራል። ለዚህ ወገን አንድ አኃዝ ይረዳል፤ በ2022 የአሜሪካና የቻይና የሸቀጥ ንግድ ወደ 690 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል፤ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት መካከል ግን ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ንግድ አልነበረም። በሌላው በኩል የኑክሌር ውሎቹ መፍረስ አለ። በ1987 የተፈረመው የመካከለኛ ርቀት ሚሳይሎች ውል በኦገስት 2019 አበቃ፤ ሩሲያም በ2010 የተፈረመውን የስልታዊ መሣሪያዎች ቅነሳ ውል በፌብሩዋሪ 2023 ማገዷን አስታወቀች። ከፌብሩዋሪ 2022 ወዲህ ደግሞ በዩክሬን የሚደረገውን ውጊያ በ«ቀዝቃዛ» ስም ማካተት በዚያ ለሚሞቱት ሰዎች ስድብ ነው የሚል ወቀሳ ይቀርባል። ይህ ወቀሳ በክፍል 3 ስለ ኮሪያና ስለ ኦጋዴን ካነሣነው የተለየ አይደለም።

6. ለመዝገበ ቃላት የቀረበ ሐሳብ

ከላይ በተመለከተው መሠረት የሚከተሉትን ብያኔዎች ለውይይት እናቀርባለን።

ቀዝቃዛው ጦርነት፤ (የዘመን መጠሪያ) ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት እስከ ሶቪየት ኅብረት መፍረስ (1991) በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት የሚመሩ ጎራዎች በቀጥታ ሳይዋጉ፣ በመሣሪያ ክምችት፣ በርእዮተ ዓለም፣ በኢኮኖሚና በሌሎች አገሮች ምድር በተደረጉ ጦርነቶች የተፋጠጡበት ዘመን። ቃሉ በዘመኑ ራሱ በሁለቱም ወገን እንደ ክስ ይነገር ነበር።

ቀዝቃዛ ጦርነት፤ (የወል ስም) ቀጥተኛ ውጊያ ሳይከፈት በኃያላን መካከል የሚቆይ የጠላትነት ፍጥጫ። የበረደ ወይም ያለፈ ጦርነት ማለት አይደለም።

አዲስ ቀዝቃዛ ጦርነት፤ ከ1991 በኋላ የተነሣን የኃያላን ፍጥጫ ከቀድሞው ጋር የሚያመሳስል አከራካሪ ስያሜ። በትርጉም ሥራ ውስጥ የተናጋሪው ማንነት ይጠቀስ፤ አመልካቹ «-ኡ» ምንጩ ካልፈቀደው አይጨመር።

በሥጋት መግታት፤ ጠላት አጸፋውን ፈርቶ ከጥቃት እንዲቆጠብ ማድረግ። ከ«መከላከል» ይለያል።

ባለበት መወሰን፤ የሌላ መንግሥት ተጽዕኖ ከያዘው ክልል እንዳያልፍ የማድረግ ፖሊሲ። ከ«በሥጋት መግታት» ይለያል።

የውጥረት መርገብ፤ የቅራኔው መንሥኤ ሳይወገድ የኃያላን ጠላትነት ግፊት መቀነሱ። «ዕርቅ» አይደለም።

እነዚህን ብያኔዎች ስናቀርብ ቃላቱን ከፖለቲካ ማንጻት ይቻላል ብለን አይደለም፤ በፖለቲካ ውስጥ የተወለደ ቃል ከዚያ አይወጣም። የሚቻለው የማን ቃል እንደሆነ አለመደበቅ ነው። ቋንቋችን «ውጥረት»ን ከ«ጥል»፣ «ውድድር»ን ከ«ፉክክር»፣ «አዲስ»ን ከ«አዲሱ» ለመለየት የሚያስፈልገው ሁሉ አለው። እንዲህ ባለው ፍጥጫ ትንሽ አገር የምትሰማው አብዛኛውን በትርጉም ነውና፣ ልዩነቶቹን የሚጠብቅ ተርጓሚ ለአንባቢው የራሱን ፍርድ የመስጠት ዕድል ይተውለታል። አስተያየት ያላቸው ባለሙያዎችም ምሳሌዎቻቸውን ከነዐውዳቸው እንዲያቀርቡልን እንጠይቃለን።